ገንዘብ ካነሰ ከስክሪኑ ቀንሱ፤ ከድምፁ አትቀንሱ

«አገሩ እንዲህ ሆኖ እያለ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ስፒከር ትጽፍልናለህ?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ እጽፋለሁ። የምጽፈውም አገሩ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ነገሩን ከጣርማ በር እንጀምረው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርደው እዚህ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና አይታይም፤ ብርዱም ለማንም አያዝንም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ ነበር። ያ አለፈ ሲባል ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰዓት እላፊው፣ የመንገድ መዘጋቱ፣ የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡ ተከታተለ። የአዋጁ ጊዜ ካበቃም በኋላ ሰው ማምሻውን በጊዜ ቤቱ መግባቱን አልተወም።

በእንዲህ ዓይነት ቦታ ምሽት ማለት ቤት ማለት ነው። ቤት ማለት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ያለበት ክፍል ነው። ኢንተርኔቱ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ለቤተሰቡ የቀሩት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽና በፍላሽ የተጫነው ፊልም። ዜናው፣ ድራማው፣ ኳሱ ሁሉ የሚመጣው በእነዚህ ነው። ስለዚህ ያ ክፍል ስንት ሰው አብሮ ያስቀምጣል፣ የተቀመጠውስ ሁሉ እኩል ይሰማል ወይ ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በአነስተኛ ገንዘብ ቤቱን ሲኒማ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከስክሪኑ ስፋት ቀንሶ ድምፁ ላይ ያውጣ። እኛ የምናደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

▪️ «ስንት ኢንች ነው?»

አንድ ሰው ቴሌቪዥን ገዝቶ ሲገባ የጎረቤት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኢንች ነው?» የሚል ነው። «ድምፁስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባለ 32ቱ 43 ይመኛል፣ ባለ 43ቱ 55። ብሂላችንም ለዓይን ያደላል፤ መቶ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል እንላለን።

ችግሩ ስክሪኑ እየሰፋ በሄደ ቁጥር አካሉ እየሳሳ መሄዱ ነው። የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ሆዱ ሰፊ ስለነበር ስፒከሩ ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት፣ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይቀመጥ ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ለስፒከር የሚሆን ቦታ የለውም። ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ከታች ወይም ከኋላ ይሸጎጡና ድምፁን ወደ ወለሉ ወይም ወደ ግድግዳው ይለቁታል። እኛ የምንሰማው ግድግዳ መትቶ የተመለሰውን ነው።

ለአማርኛ ሰሚ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። «መታ» እና «መጣ»ን አስቡ። «ከዳ» እና «ቀዳ»ን አስቡ። «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» የሚለየው እጅግ አጭርና ቀጭን ድምፅ ነው። አናባቢው ወፍራምና ጉልበተኛ ስለሆነ ግድግዳ ቢመታም ይመለሳል። ቃልን ከቃል የሚለየው የተነባቢው ድምፅ ግን በአብዛኛው ከ1,000 ሄርዝ በላይ ባለው ቀጭን ክልል ውስጥ ነው፤ ስፒከሩ ፊቱን ሲያዞር መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው እነዚህኑ ቀጫጭን ድምፆች ነው።

አሁን ይህን ወደ አንድ ቤት አስገቡት። ዜና እየተነበበ ነው። አያት «ምን አለ? መታ ነው ያለው መጣ?» ይላሉ። ልጆቹ «ጆሯቸው ደክሟል» ብለው ድምፁን ይጨምራሉ። ሲጨመር የሚጎላው ወፍራሙ ብቻ ነው፤ ትንሿ ስፒከር መንጫረር ትጀምራለች። አያት አሁንም አልሰሙም። ሁለተኛ መጠየቅ ያፍሩና ዝም ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ይተኛሉ። ስለ ገዛ አካባቢያቸው የሚነገር ዜና ላይ «መታ» እና «መጣ» ምን ያህል እንደሚራራቁ የሰሜን ሸዋ ሰው ማንም እንዲነግረው አይፈልግም።

▪️ እኛ ፊልም የምንሰማ ሕዝብ ነን

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው አንድም ምስል አልነበረም። ሰው ግን ጉዱ ካሳን «አየው»። መጽሐፉን አንብቦ የማያውቅ ሰው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ሲያወራ ብትሰሙ፣ የሚያወራው ከዚያ ድምፅ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። የሬዲዮ ድራማ ትውልድ የሚባለውም ገጸ ባሕርያትን በድምፃቸው የሚለይ ትውልድ ነው።

ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። የአገር ውስጥ ባለሙያው «ሥራችን ሊገደል ነው» አለ፤ ሌላው «ባህላችን ሊጠፋ ነው» አለ። በክርክሩ መሐል ብዙ ትኩረት ያላገኘ አንድ ነገር ነበር። እነዚያ ድራማዎች ማንበብ የማይችሉ እናቶችን፣ ገና ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናትን እና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንድ ሶፋ ላይ አስቀመጡ። ምክንያቱም ከስር የሚነበብ ጽሑፍ አልነበረም፤ የሚሰማ ቃል ነበር። በየሠፈሩ በፍላሽ የሚዞረው «ትርጉም ፊልም»ም ያንኑ ነው የሚያደርገው። ምስሉ ከየትም ይምጣ፣ ቤተሰቡ የሚከተለው የተርጓሚውን ድምፅ ነው።

እንግዲህ በእኛ ቤት ድምፅ የሲኒማው ማጀቢያ አይደለም፤ መግቢያ በሩ ነው። ድምፁ የማይሰማ ባለ 65 ኢንች ስክሪን ያላነበበውን ሰው፣ ያረጀውን ሰው፣ ከጥግ የተቀመጠውን ሰው በጨዋ ደንብ ከቤቱ ያስወጣዋል።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። የትንንሽ ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች ሞተዋል ማለት ይቻላል። በአግዳሚ ላይ ተፋፍጎ፣ በአንድ ጊዜ ስቆ፣ በአንድ ጊዜ ጮኾ ፊልም ማየት የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን የልጅነት ትዝታ ሆኗል። ምስሉ የበረዶ ያህል ነጠብጣብ ነበረው፤ ድምፁ ግን ውጭ አላፊ አግዳሚውን ያስቆም ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ ጥግ ጥጉን ይዞ፣ በአንድ ጆሮው ኢርፎን ሰክቶ፣ በመዳፍ በምታክል ስክሪን ያያል። የተፈናጠረውን ቤተሰብ መልሶ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ ነገር ካለ ርካሽም ቢሆን ልንንቀው አይገባም።

▪️ ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቴሌቪዥኑም፣ ስፒከሩም፣ ኬብሉም በዶላር የሚመጣ ነው። ስለዚህ ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይስቅብኛል። ድርሻውን ግን ልጻፍ።

በእጃችሁ 30,000 ብር አለ እንበል። 12,000ውን ለምስል፣ 12,000ውን ለድምፅ፣ 6,000ውን ለኤሌክትሪክ መከላከያና ለኬብል መድቡ። ያላችሁ 15,000 ቢሆን ግማሽ በግማሽ ቀንሱት፤ ድርሻው ግን አይለወጥ። ሁሉም በአንድ ቀን መገዛት የለበትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ቴሌቪዥን ካለ፣ ባለ 32ም ቢሆን፣ አትንኩት፤ መጀመሪያ ድምፁን ግዙ።

ለምስሉ መለኪያችሁ ጎረቤት ሳይሆን ክፍላችሁ ይሁን። ከስክሪኑ እስከ መቀመጫው ያለው ርቀት የስክሪኑ ሰያፍ ልኬት አንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። 43 ኢንች ማለት 109 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ሜትር ከስልሳ እስከ ሁለት ሜትር ከሰባ ባለው ርቀት ለተቀመጠ ሰው ይበቃል። የአብዛኞቻችን ሳሎን ከዚህ አይበልጥም። ያገለገለ ከገዛችሁ ነጭ ምስል አስከፍታችሁ ጥቁር ነጥብና መስመር ፈልጉ። የመብራትና የፓወር ብልሽትን የሠፈር ጠጋኝ ይሠራዋል። የተሰነጠቀ ስክሪን ግን ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ይገዛል።

ለድምፁ ደግሞ የመጀመሪያው ምክሬ ከአዲሱ ካርቶን ፊት ከመቆማችሁ በፊት ጠጋኝ ቤት ጎራ በሉ የሚል ነው። ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በየሠርጉ ስጦታ ይገባ የነበረው ባለ አምስት ስፒከር የዲቪዲ ሆም ቴአትር ትዝ ይላችኋል? ዲስክ ማንበብ አቁሞ አልጋ ስር ገብቷል፤ ወይም በርካሽ ይሸጣል። የሞተው ግን ማንበቢያው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ማጉያውና ስፒከሮቹ ደህና ናቸው። ከኋላው ቀይና ነጭ የኦክስ መግቢያ ካለው፣ ሪሞቱ ከሠራ፣ ስፒከሮቹ ካልተቀደዱ፣ ከዛሬው ቀጭን ቴሌቪዥን ጋር በአንድ ኬብል ይጋባል። ቴሌቪዥኑ የኢርፎን ቀዳዳ ካለው ኬብሉን እዚያ ሰኩት። ኦፕቲካል ብቻ ካለው ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይሸጣል፤ በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ «ፒሲኤም» የሚለውን ምረጡ፤ አለበለዚያ ሳጥኑ ዝም ሊል ይችላል። በብሉቱዝ ማገናኘት ለዘፈን ጥሩ ነው፤ ለፊልም ግን ብዙ ጊዜ ድምፁ ከከንፈሩ ወደ ኋላ ይቀራል።

አዲስ ከገዛችሁ በካርቶኑ አትደለሉ። «5,000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሑፍ ታዩ ይሆናል። ዕቃውን አገላብጡና ከኋላው የተለጠፈውን ተመልከቱ፤ የሚበላው ኃይል 60 ዋት ይል ይሆናል። 60 ዋት በልቶ 5,000 ዋት የሚያወጣ መሣሪያ በዚህች ምድር ላይ የለም። ትክክለኛው መለኪያ «አርኤምኤስ» የሚባለው ነው። ለአንድ መካከለኛ ሳሎን በሁለት ስፒከር ከ20 እስከ 30 አርኤምኤስ ዋት ከበቂ በላይ ነው። ለመሞከር ስትሄዱ ዘፈን አታስከፍቱ፤ ባስ ሁሉን ይሸፍናል። ዜና አስከፍቱ። አንባቢው የሚለውን ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቃል በቃል ከሰማችሁ ግዙ።

አቀማመጡ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለቱን ስፒከሮች ከስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ በሚደርስበት ከፍታ፣ ፊታቸውን ወደ ሰው አዙሩ። ቁም ሳጥን ላይ ወይም ከሶፋ ጀርባ የተሰቀለ ስፒከር ለጣሪያው እንጂ ለእናንተ አያወራም። የባስ ሳጥኑን ከጥግ አርቁት፤ ጥግ ላይ ሲሆን የሚያጉረመርመው ድምፅ የተናጋሪውን ቃል ይውጠዋል።

▪️ የመንዝ ሱፍ ለምን ይጠቅማል?

የሲኒማ አዳራሾች ግድግዳቸውን በጨርቅና በለስላሳ ነገር የሚሸፍኑት ለጌጥ አይደለም፤ ድምፅ እየነጠረ ቃልን እንዳያደበዝዝ ነው። የእኛ አዲስ ቤት ደግሞ ሲሚንቶ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ የመስታወት መስኮት ነው። እጃችሁን አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ክፍሉ ስንት ጊዜ እንደሚመልስላችሁ ስሙ።

ለዚህ ከውጭ የሚመጣ የድምፅ ስፖንጅ መግዛት አያስፈልግም። ሰሜን ሸዋ የሱፍ አገር ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ምንጣፍ ሆኗል፣ በርኖስ ሆኗል፣ ባና ሆኗል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ደግሞ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ወለሉ ላይ፣ አንድ ባና ከስክሪኑ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ መስኮቱ ላይ ከበድ ያለ መጋረጃ። ይኸው ነው። ባናው ከግድግዳው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ቢሰቀል ይበልጥ ይሠራል። ለብርዱም ይሆናል።

ቆርቆሮው ግን አስቸጋሪ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ወይም በረዶው ሲወርድ የትኛውም ስፒከር አይቋቋመውም። ኮርኒስ ካለ ከላዩ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ከሚጭኑት ወገን አትሁኑ፤ እሳትና አይጥ ይጠራል። በዚያ ሰዓት ፊልሙን አቁሞ ቡና ማፍላት ይሻላል።

▪️ ፕሮጀክተር በጣርማ በር

ብዙ ወጣቶች ፕሮጀክተር ይመኛሉ። እኔም አልጠላውም፤ ለአንድ ግቢ ሙሉ ሰው ከፕሮጀክተር የሚሻል የለም። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛው የሉመን ጉዳይ ነው። በየማኅበራዊ ገጹ «9,000 ሉመን፣ ፉል ኤችዲ» ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ፕሮጀክተር በትክክለኛው የኤኤንኤስአይ መለኪያ ጥቂት መቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል። «1080 ይደግፋል» ማለትም የሚያሳየው 1080 ነው ማለት አይደለም፤ ፋይሉን ተቀብሎ በራሱ ዝቅተኛ ጥራት ያሳየዋል ማለት ነው። ሻጩን «የራሱ ጥራት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አዳዲሶች ይበልጣል፤ ግን አምፖሉ ስንት ሰዓት እንደሠራ በማውጫው ውስጥ እዩ። አምፖሉ ያለቀበት ርካሽ ፕሮጀክተር ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው ሻጩ የማይነግራችሁ ነው፤ ከፍታ። ፕሮጀክተር የሚቀዘቅዘው በማራገቢያ በሚገባ አየር ነው። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ማራገቢያ ያንኑ ያህል አያቀዘቅዝም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች በማውጫቸው ውስጥ «የከፍታ ቦታ» የሚል ምርጫ ያላቸው፤ ሲበራ ማራገቢያው ይፈጥናል። አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም ያላችሁ ይህን አብሩት። የብዙ ፕሮጀክተሮች መመሪያ ግን 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ያቆማል። ጣርማ በር አናቱ ላይ ያለ ሰው እንግዲህ ፋብሪካው ከገመተው ጣሪያ በላይ እየኖረ ነው። ደብረ ሲና ዝቅ ስለሚል ይሻለዋል። በተራራው አናት ላለ ቤት ምክሬ ፕሮጀክተሩን ትታችሁ ቴሌቪዥን ግዙ የሚል ነው፤ የግድ ካላችሁ በዝቅተኛው የብርሃን መጠን፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ፣ እያሳረፋችሁ ተጠቀሙ። ፊልም የምታስቀምጡበት የሚሽከረከር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም ተመሳሳይ የከፍታ ገደብ አለው፤ ፍላሽ ይሻላችኋል።

ጉሙንም አትርሱ። ከብርድ የመጣ ዕቃ ሞቃት ክፍል ሲገባ ውስጡ ያልበዋል። ከአይሱዙ ላይ አውርዳችሁ ወዲያው ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ። ለስክሪንነት ደግሞ በደንብ የተተኮሰ አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ ከበቂ በላይ ነው።

▪️ መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ

ዕቃ የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ መብራት ሲሄድ አይደለም፤ ሲመለስ ነው። ያ 6,000 ብር የተመደበው ለዚህ ነው። ተራ ዲቫይደር ጉዳት አይከላከልም፤ ቀዳዳ ያበዛል እንጂ። መብራቱ ሲመለስ ጥቂት ጠብቆ የሚያስተላልፍ፣ ኃይሉ ሲዋዥቅ የሚቆርጥ መከላከያ ወይም ስታብላይዘር ግዙ። ይህን የዘለለ ሰው ቴሌቪዥኑን በዕድል እጅ ነው ያስቀመጠው።

ፍጆታውን ለሚፈራ፦ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራ። መካከለኛ ቴሌቪዥንና ማጉያ አንድ ላይ 100 ዋት ገደማ ይበላሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ምጣድ የሚበላው ኃይል ይህንን ሲኒማ 35 ሰዓት ያሠራዋል። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ግን ለብቻው ከ250 እስከ 300 ዋት ሊፈልግ ይችላል፤ ይህም ለቴሌቪዥኑ ሌላ ነጥብ ነው።

▪️ ሁለት ተቃውሞዎች

«ድምፅ ድምፅ ስትል ሠፈሩን ሞንታርቦ ልታስሞላው ነው» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ በጩኸት የተማረረ ሕዝብ ነን። እኔ የምለው ግን ጥርት ያለ ድምፅ እንጂ ከፍ ያለ ድምፅ አይደለም። እንዲያውም ድምፁን እስከ ጥግ የሚያስጮኸው የማይሰማ ስፒከር ያለው ቤት ነው። ቃሉ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቤት ዝቅ አድርጎ ይሰማል፤ ጎረቤትም ይተኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ዘይትና ጤፍ መግዛት ባቃተን ሰዓት 30,000 ብር ከየት ይምጣ?» ለሌለው ሰው መልስ የለኝም፤ አለኝ ብልም መሳለቂያ ይሆናል። ይህን ገንዘብ ግን ብዙ ቤተሰብ በሌላ መልክ እያወጣው ነው። በየዓመቱ የሚቀየር የአንድ ልጅ ስልክ አለ። በየወሩ የሚገዛ የኢንተርኔት ጥቅል አለ። ከ43 ወደ 55 ለማደግ የሚቆጠብ እቁብ አለ። እኔ የምከራከረው ከዚህ ወጪ ጋር ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚያይበትን ዕቃ ከመግዛት ሰባት ሰው አብሮ የሚሰማበትን መግዛት ይሻላል። አንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት አራት አባወራዎች አንድ ደህና ድምፅ በእቁብ ቢገዙና ቅዳሜ ማታ በየተራ ቢሰበሰቡ፣ የቪዲዮ ቤቱን ግማሽ መልሰው አገኙት ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለትልቁ ነገር ብቻ አይደለም።

ለሚመለከታቸውም አንድ ነገር ልበል። በየወረዳው የወጣት ማዕከል ተብሎ የተሠራ አዳራሽ አለ። ብዙዎቹ ለስብሰባ ይከፈታሉ፤ ከዚያ ይቆለፋሉ። ከላይ የዘረዘርኩት ዕቃ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢገባ ወጪው ለአንድ ዎርክሾፕ ከሚወጣው የውሎ አበል አይበልጥም። በየከተማው ያለውን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ጠርታችሁ «ይህን አዳራሽ ቃል በቃል የሚሰማ አድርግልን» በሉት። ሥራ ፈጠራ የምትሉትም ይኸው ነው። ምሽቱ ለወጣቱ አስጊ ከሆነ ቢያንስ የቀኑን ግማሽ ስጡት።

ለማጠቃለል፦ ልትገዙ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ የምታውቁትን የሠፈር ጠጋኝ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተቻለ ደግሞ ከቤት ውስጥ ጆሮው የደከመውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ስክሪኑን እናንተ ምረጡ። ስፒከሩን ግን አያት ይምረጡት፤ ዜናው ተከፍቶ፣ አንባቢው «መጣ» ሲል «መጣ» ብለው ከደገሙት ያ ዕቃ የእናንተ ነው።

ቸር ያሰማን።